ጣና ሌሊት ይታመማል፣ እኛ ረፋድ ላይ እንለካዋለን

ግልጽ ደብዳቤ

ጣና ሐይቅን ለመጠበቅ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ የክልልና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ለባሕር ዳርና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የውሃና የምህንድስና ባለሙያዎች

የተከበራችሁ፣

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የውሃ ጥናት ላይ አይስ ቦክስ ተሸካሚ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ «ረዳት መረጃ ሰብሳቢ» ይለኛል። ሥራው ግን ያው ነው። ጠርሙስ መሙላት፣ ጠርሙስ መክደን፣ ሳጥኑን ተሸክሞ ጀልባ ላይ መውጣት፣ ተሸክሞ መውረድ። እና የምጽፍላችሁ በሳጥኑ በኩል ያየሁትን ነው።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ልንነሳ ተቀጣጥረናል። የነዳጅ ወረቀቱ አልተፈረመም። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። እኛም ዳር ላይ ሻይ ስንደጋግም 3 ሰዓት ተኩል ሆነ። የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ስንደርስ ረፋዱ ጋለ። ጥቁርና ነጭ የተቀባች፣ የሻይ ማቅረቢያ የምታክል ዝርግ ዲስክ አለችን። በገመድ ወደ ውሃው እንለቃታለን። ከዓይን ስትሰወር አንዱ «ጠፋች!» ይላል፣ ገመዱ ይለካል። ውሃው ምን ያህል እንደደፈረሰ በዚህ ይታወቃል። የጉማራ ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አካባቢ ስንደርስ ዲስኳ ክንድ ሳትሞላ ጠፋች። ማንኪያ ማኪያቶ ውስጥ እንደመክተት ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር።

ስንመለስ ነዳጅ አለቀ። ሦስት ሰዓት ያህል ውሃው ላይ ተንሳፈፍን። በረዶው ቀለጠ። ጠርሙሶቹ ሞቁ። አመሻሽ ላይ ለላብራቶሪ አስረከብናቸው፣ እነሱም ተቀበሉን። ፎርሙ ላይ «ናሙናው ፀሐይ መትቶታል» የሚጻፍበት ቦታ የለም። እኔም አልተናገርኩም። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፣ ሪፖርት ውስጥ ገባ፣ ሪፖርቱ ተጠረዘ። ያ ቁጥር ዛሬም የሆነ መደርደሪያ ላይ አለ። ውሸት ነው ማለት አልችልም፣ እውነት ነው ብዬም አልምልም።

በዚያ ቀን ግን የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ተንሳፍፈን ሳለን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ በታንኳቸው አጠገባችን ቆሙ። የደንገሏ ታንኳ ውሃ ጠጥታ ግማሽ አካሏ ሰምጧል።

«ምኑን ነው የምትለኩት ልጄ?» አሉኝ።

«ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ነው አባባ። ውሃው ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን።»

ሳቅ አሉ። «እሱንማ በዚህ ሰዓት ምን ብላችሁ ታገኙታላችሁ? ዓሣው ሲጨነቅ የሚያድረው ሊነጋጋ ሲል ነው። አፉን ወደ ላይ አውጥቶ ያንን አየር ሲጎርስ እናየዋለን። ያን ጊዜ እናንተ ተኝታችኋል።»

በኋላ መጽሐፍ ገልጬ አየሁት። ሽማግሌው ልክ ናቸው። ውሃ ውስጥ ያለው፣ አልጌ የሚባለው ደቃቅ አረንጓዴ ፍጥረት ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል። ሌሊት ፀሐይ የለም። ያው አልጌ፣ ባክቴሪያው፣ ከሥር የሚበሰብሰው እምቦጭ ሁሉ ኦክስጅኑን ይስበዋል። ስለዚህ መጠኑ ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል፣ ጎህ ሊቀድ ሲል ደግሞ ከሁሉም በታች ይወርዳል። ዓሣ የሚሞተው በሌሊቱ 11 ሰዓት ቁጥር ነው። እኛ ግን የረፋዱን 4 ሰዓት ቁጥር ይዘን «ደህና ነው» እንላለን። ሐኪሙ ሁልጊዜ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ነው የሚደርሰው።

የምጠይቃችሁ ሌሊቱን ጣና ላይ የሚያድር መለኪያ ነው። ሰው ማሳደር አይቻልም፣ ነዳጁም ደህንነቱም አይፈቅድም። ማሽን ግን ያድራል። እንዲህ ዓይነት ማሽን ደግሞ ዓለም ላይ አለ። የሚገርመው፣ አንዳንዶቹ ሠሪዎች ከእንስሳ ነው የተማሩት።

ሲንጋፖር የመጠጥ ውሃዋን በምታጠራቅምባቸው ሰው ሠራሽ ሐይቆች ላይ ስዋን አሰማርታለች። ስዋን ያ አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲና የውሃ መሥሪያ ቤቷ አንድ ላይ ሆነው ነው የሠሩት። መጠኑ የእውነተኛውን ወፍ ያህል ነው። ከሆዱ ሥር መለኪያዎች አሉት፤ ፒኤች (የውሃው አሲድነት)፣ የሟሟ ኦክስጅን፣ ድፍርስነት፣ የአልጌ አረንጓዴ ቀለም። ራሱን እየመራ ይዞራል፣ ያገኘውን ወዲያው በገመድ አልባ ይልካል። መዝናኛ ጀልባ ቢገጨው እንኳ እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። ቆንጆ የሆነበትም ምክንያት አለ። ሐይቁ ዳር የሚዝናናው ሰው እይታ እንዳይበላሽበት ነው። ጌጥ የሚያስብበት ጊዜ ያለው አገር ደስ ይላል!

ስዊዘርላንዶች ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ሐይቅ ላይ እባብ መሰል ዓሣ የሚመስል ሮቦት ሞክረዋል። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት አለው፣ እንደ ባቡር ፉርጎ በተቀጣጠሉ ክፍሎች የተሠራ ነው። እየተጥመዘመዘ ነው የሚዋኘው። ፕሮፔለር ስለሌለው ጭቃውን አያናውጥም፣ ውሃው ውስጥ ያሉትን ፍጥረታትም ብዙ አያውክም። ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን አንዳንዶቹ ክፍሎቹ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች እንዲይዙ መታሰባቸው ነው። ሜርኩሪ ሲነካቸው ብርሃን የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች፣ መርዝ ሲኖር አዋዋኛቸው የሚለወጥ ዳፍኒያ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረቶች። ማሽኑ እንስሳውን ይመስላል፣ ከዚያ እንስሳውን ተሸክሞ ይሄዳል።

አውሮፓውያን ሮቦት ዓሣም ሞክረዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ሰሜን ስፔን ውስጥ ሂኾን በሚባል ወደብ አዋኙት። ጅራቱን እየመታ ይሄዳል፣ ውሃው ላይ የፈሰሰ ብክለት ከየት እንደመጣ ያሸታል። የአንዱ ዋጋ 20,000 ፓውንድ ገደማ እንደሆነ ነበር በጊዜው የተዘገበው።

እዚህ ላይ ደፈር ብዬ ልናገር። ሮቦት ዓሣ ለጣና አይሆንም። አንደኛ፣ የሬዲዮ ሞገድ ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ውሃ ውስጥ ያለ ማሽን ያገኘውን ለመንገር በድምፅ ሞገድ መልእክት መላክ ወይም ከውሃው በላይ ብቅ ማለት አለበት። ሁለተኛውን ምክንያት ማንኛውም የባሕር ዳር ልጅ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት መረብ ውስጥ ይገባል። አስጋሪው አውጥቶ ሲያየው ምን እንደሚል መገመት ነው። ሰውየው አይፈረድበትም፣ መረቡ ተቀዷላ።

ለጣና የሚሻለው ወፍ ነው። የግድ ስዋን አይሁን፣ የእኛው ዳክዬ ይበቃል። ከዳክዬው ደግሞ እንድትኮርጁ የምለምናችሁ መልኩን አይደለም፣ እግሩን ነው።

አንድ ቀን ዳር ላይ ቁጭ ብላችሁ ዳክዬ ሲዋኝ እዩ። እግሩን ወደ ፊት ሲያመጣ ጣቶቹን ይሰበስባቸዋል፣ ቀጭን ሆነው ውሃውን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ወደ ኋላ ሲገፋ ይዘረጋቸዋል፣ በጣቶቹ መሃል ያለው ቆዳ እንደ መቅዘፊያ ይሆናል። ይሰበስባል፣ ይዘረጋል። እምቦጭ መሃል ገብቶ ሲወጣም አይታሰርም። የእኛ ጀልባ ፕሮፔለር ግን የእምቦጭ ሥር እንደ ክር ይጠመጠምበታል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ቢላ ይዤ ጎንበስ ብዬ ቆርጫለሁ። የሲንጋፖሩ ዓይነት ማሽን በዶላር ገዝተን ብናመጣ በንጹሕ ማጠራቀሚያ የለመደው ፕሮፔለር እዚህ ሁለት ቀን አይቆይም። እምቦጭ ለማስወገድ ተብለው የመጡት ማሽኖች ምን እንደደረሰባቸው ደግሞ ከማናችንም አልተሰወረም። መለዋወጫው ባሕር ማዶ ነው፣ ማሽኑ እዚህ ዳር ላይ ዝናብ ይመታዋል።

ስለዚህ ፖሊ ግቢ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ፣ ይሥራው። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲፈልጉ ትራፊክ መብራትና የበር ቁልፍ ሲሠሩ አይቻለሁ። ክፉ አይደለም። ግን ከግቢያቸው ጥቂት ራቅ ብሎ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ተኝቷል። ፋይበርግላስ ጀልባ የሚጠግኑ እጆች ከተማችን ውስጥ አሉ። ሶላር ፓኔልና ባትሪ ገበያ ላይ አለ። ዳሩ ላይ የስልክ ኔትወርክ ሲኖር መረጃው በአጭር መልእክት ሊመጣ ይችላል፣ በማይኖርበት ቦታ ማሽኑ መዝግቦ ይዞ ይመለስ። ከውጭ የግድ የሚገዛው መለኪያው ነው። እሱም ርካሽ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን የአንድ ዓመት የጀልባ ነዳጅና አበል ደምሩና አነጻጽሩት።

መለኪያውን ስትገዙ አንድ ነገር አደራ። አንዳንዶቹ ሲመጡ የተስተካከሉት ለባሕር ጠለል ነው። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ባሕር ጠለል ያለ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። በእኛ ከፍታ ጠግቦም 7 ሚሊግራምን ብዙ አያልፍም። ይህ ካልተስተካከለ ማሽኑ በመቶኛ የሚነግረን ሁሉ ይዛነፋል። ሐይቁ ሲጀመርም ትርፍ እንደሌለው ደግሞ አስቡት። ቆላ ያለ ሐይቅ የሚችለውን የኦክስጅን መጉደል ጣና ላይችለው ይችላል።

ደግሞ «ዓሣ አለ አይደል፣ ምን ሆነ?» የሚሉ አሉ። የትኛው ዓሣ? አምባዛ ከሆነ እሱ ምስክር አይሆንም። አምባዛ ከውሃው ብቅ ብሎ አየር መተንፈስ ይችላል፣ ጭቃ ውስጥም ይኖራል። የሚያስፈራኝ ነጭ ዓሣው ነው። ሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ዝርያዎች ያሉት እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል አባይ ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው እንቁላላቸውን የሚጥሉት። ጠጠሩ ደለል ከለበሰ እንቁላሉ ይታፈናል። የወንዞቹ አፍ ላይ ያለው ውሃ ምን እንደሚመስል ሌት ተቀን ካላወቅን፣ ዝርያው መጥፋቱን የምናውቀው ገበያ ላይ ሲጠፋ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። በእምቦጭም ሆኗል። በ2011 እ.ኤ.አ. መታየቱ ተነገረ፣ የዘመቻው ጩኸት የመጣው ምንጣፍ ሆኖ ከተዘረጋ በኋላ ነው።

ጣና በጣም ሰፊ ነው የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሰፊ ነው። ውሃው ብቻ ከመላዋ ሲንጋፖር አራት እጥፍ ገደማ ነው። ሁሉን እንሸፍን ካልን አንድም አንሸፍንም። የጉማራ አፍ፣ የርብ አፍ፣ የመገጭ አፍ፣ የግልገል አባይ አፍ፣ ከዚያ የባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ። አምስት ቦታ፣ አምስት ዳክዬ። ፎገራ ላይ የሩዝ ማሳው ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ያገኛል፤ ዝናብ ሲጥል ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ እንዴት እንደሚለወጥ የምናየው እዚያ ነው። ከተማው ዳርቻ ላይ ምን እንደሚገባ ደግሞ ሽታው ይነግረናል፣ ግን ሽታ ማስረጃ አይሆንም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ለጉማሬዎቹ ቦታ ልቀቁላቸው። እነሱም የሌሊት ሠራተኞች ናቸው፣ ዳክዬውን ረግጠው ካለፉ ካሳ አይከፍሉም።

አሁን ደግሞ ማሽኑ የማይችለውን ልንገራችሁ፣ በኋላ ተታለልን እንዳትሉ። ሮቦት ኮሌራን አይቶ አይነግረንም። የሰገራ ባክቴሪያ፣ የፀረ ተባይ ቅሪት፣ ይሄ ሁሉ ላብራቶሪ ይፈልጋል። አይስ ቦክሱ ጡረታ አይወጣም። ዳክዬው የሚያደርገው የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት ሄደን ጠርሙስ እንደምንሞላ መጠቆም ነው። ድፍርስነቱ ድንገት ከዘለለ፣ ኦክስጅኑ ከወደቀ፣ የአልጌው ቀለም ከጨመረ፣ ያኔ ጀልባው ይውጣ። በየወሩ 15ኛው ቀን ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይውጣ።

ሌላው ጣጣ ቆሻሻ ነው። ውሃ ውስጥ የተቀመጠ መለኪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ አተላ ይለብሳል። ያኔ የሚለካው ሐይቁን አይደለም፣ የራሱን ቆሻሻ ነው። በየሳምንቱ ሰው ሄዶ በለስላሳ ብሩሽ ያጥበው፣ ከታወቀ ናሙና ጋር ያመሳክረው። ይህ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። እባካችሁ ለምረቃው ቀን ቲሸርት ከመመደባችሁ በፊት ለብሩሹ መድቡ። ያሠሪዎቼን ልማድ ስለማውቅ ነው ይህን የምለው። ሪባን ሲቆረጥ መቶ ሰው ነበርን፤ በስድስተኛው ወር የመለኪያውን ባትሪ የሚቀይር ጠፍቶ እኔ ከሱቅ ገዝቼ አስገባሁበት። ደረሰኝ የለህም ተብዬ አልተከፈለኝም።

ስለ መልኩም አንድ ነገር ልበል። ሲንጋፖሮች ማሽኑ ወፍ መስሎ እንዲሰወር ፈለጉ። እኛ ጋ መሰወር የለበትም። ጊዜው መልካም አይደለም። ሌሊት ሐይቅ ላይ ብቻውን የሚሄድ፣ አንቴና ያለው ነገር ያየ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ደማቅ ብርቱካን ቀለም ቀቡት። በትልቁ «የውሃ መለኪያ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። ካሜራ አታድርጉበት። በጭራሽ። ከመሰማራቱ በፊት ደግሞ ወደ አስጋሪዎቹ ማኅበራት፣ ወደ ደቅና ወደ ዘጌ፣ ታንኳ ወደሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ሄዳችሁ አሳዩአቸው። ይንኩት፣ ያገላብጡት፣ ይሳቁበት። የት ቦታ ሣሩ እንደሚያጠምደው፣ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደሚገፋው ከእነሱ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ሰው የራሱን ነገር ይጠብቃል፣ የማያውቀውን ግን በድንጋይ ይለዋል።

ዋናው ልመናዬ ግን የቁጥሩ ነገር ነው። ቁጥሩ የማን ነው? እስከዛሬ የሪፖርት ነበር። እኔ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩትን ሳጥን ውጤት ዳር ላይ ውሃ የምትቀዳው ሴት አንድም ቀን አልሰማችም። እሷ ናት የምትጠጣው። አረንጓዴ ቅባት የመሰለ አልጌ ዳሩን ሲለብሰው ከአልጌው ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ዓይነት ሊኖር ይችላል፣ እና ይህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ልጆቿን ለመጠበቅ ውሃ የምታፈላ እናት ይህን ማወቅ የለባትም? ከብቱን ሐይቁ ዳር የሚያጠጣውስ?

ዳክዬው ሌሊቱን ሲለካ ያደረውን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሕዝብ ይወቀው። ሚሊግራሙን አይደለም። በየጀልባ መቆሚያው ላይ ባንዲራ ይሰቀል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በክልሉ ሬዲዮ ከዜናው በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበብ፤ «ዛሬ በጎርጎራ በኩል ከዳሩ ውሃ አትቅዱ።» ለጥናት የሚፈልግ ደግሞ ሙሉውን ቁጥር ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማኅተም ያግኝ። ቁጥሩ መጥፎ የሆነ ቀን ስልክ ተደውሎ «ትንሽ ይቆይ» የሚባል ከሆነ ግን ዳክዬውን አትሥሩት። እውነቴን ነው። ብሩን ለሌላ ነገር አውሉት።

በአንድ ጀምሩ። አምስቱም በአንድ ቀን አይምጡ። የጉማራ አፍ ላይ አንድ ክረምት ይሞክር፣ ይሰበር፣ ይጠገን። ማን እንደጠገነው፣ ስንት እንደፈጀ ጻፉት። ሽማግሌው በሕይወት ካሉ እሳቸው መጀመሪያ እንዲያዩት እፈልጋለሁ፤ ሐሳቡ የእሳቸው ነውና።

ለመጀመሪያዋ ሌሊት ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ። አበል አልጠይቅም። የአይስ ቦክሱን አነሳስ አልረሳሁትም። ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዳር ላይ እንገናኝ። ሻይ በቴርሞስ እይዛለሁ፣ እናንተ ነዳጁን ከዋዜማው አስፈርሙ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ፣ የቀድሞ ናሙና ተሸካሚ